ዘጠኝ ጊዜ ለዋንጫ ፍጻሜ የተሰለፈው ሎርድ ኪናርድ፦ የጨዋታው አቅኚ ወይስ ዕድለኛ ባላባት?

ጥያቄ፤ ከ«ታሪክ ወዳድ»

የተከበራችሁ የውይይቱ ተሳታፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ። እግር ኳስ በእንግሊዝ አገር ስለተደራጀባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ባነበብሁ ቁጥር አንድ ስም ብቅ ይልብኛል፤ አርተር ኪናርድ፣ በኋላ ዐሥራ አንደኛው ሎርድ ኪናርድ። ይህ ሰው ዘጠኝ ጊዜ በኤፍ ኤ ካፕ የፍጻሜ ጨዋታ ተሰልፏል፤ እስከ ዛሬም የደረሰበት ተጫዋች የለም። ከዘጠኙ አምስቱን አሸንፏል። ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ደግሞ ከ1890 አንሥቶ በ1923 እስኪሞት ድረስ የእንግሊዝን እግር ኳስ ማኅበር በፕሬዚዳንትነት መርቷል። (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍሁት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ እናንተም በዚሁ ብትመልሱልኝ ነገሩ አይምታታም።)

እኔን ግራ ያጋባኝ የሰውየው ሕይወት ለሁለት የተከፈለ መምሰሉ ነው። በመጀመሪያው ክፍል የምናገኘው ኢተን በተባለው የባላባት ልጆች ትምህርት ቤት የተማረ፣ የባንክ ቤት ወራሽ የሆነ፣ ከኳስ አንዲት ፔኒ ያላገኘና ለማግኘትም ያላሰበ የባላባት ልጅ ነው። በሁለተኛው ክፍል ግን ይኸው ሰው ደመወዝተኛ (ፕሮፌሽናል) ተጫዋቾች የሚሰለፉበትን፣ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ለፍጻሜ የሚወጣበትን ጨዋታ ከላይ ሆኖ ሲመራ እናየዋለን። ለተጫዋች መክፈል በተፈቀደ ጊዜ ከእርሱ ወገን የነበሩ ብዙ ሰዎች አኩርፈዋል፤ ከፊሎቹም ጨዋታውን ለቅቀው ሄደዋል። እርሱ እንዴት ቀረ? የቀረውስ አምኖበት ነው ወይስ ስሙና ማዕረጉ ለወንበሩ ስለሚመች ብቻ? ከዚህ ጋር አያይዤ የምጠይቀው፣ ዘጠኙ ፍጻሜ በዘመኑ ሁኔታ ሲታይ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ነው። ጉዳዩን በደንብ ያነበባችሁ ብታብራሩልኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፤ ከ«መዝገብ አገላባጭ»

ለጠያቂው ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጥያቄዎን ለመመለስ በመጀመሪያ ስለ ሁለቱ የሕይወት ክፍሎች ያነሡትን ሐሳብ ማስተካከል ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ኪናርድ መጀመሪያ ተጫውቶ፣ ሲደክመው ወደ አመራር የገባ ሰው አይደለም። የእግር ኳስ ማኅበሩ የኮሚቴ አባል የሆነው በ1868 ነው። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 21 ዓመት ነበር፤ የኤፍ ኤ ካፕ የሚባል ውድድር ገና አልታሰበም፤ የመጀመሪያውን ፍጻሜውን ለመጫወትም አምስት ዓመት ይቀረው ነበር። በ1877 የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ለዋንጫ ፍጻሜ ሜዳ ላይ ነበረ። ስለዚህ ፕሬዚዳንት ሲሆን በማኅበሩ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ያገለገለ ሰው ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ለምን ቀረ ለሚለው ጥያቄ የመልሱ ግማሽ እዚህ ላይ ነው፤ ማኅበሩን ያገኘው አንድ ዋንጫ እንኳ ሳይኖረው፣ አባል ክለቦቹ በጣት የሚቆጠሩ ሆነው ሳለ ነው፤ እያደገ ሲሄድ አብሮት አደገ።

አሁን ወደ ሕይወቱ ልመለስ። የተወለደው ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1847 በለንደን፣ ኬንሲንግተን ውስጥ ነው። ቤተሰቡ ግን የስኮትላንድ ባላባቶች ሲሆኑ፣ ርስታቸው በፐርዝሻየር ያለው ሮሲ ፕራዮሪ ነበር። አባቱ ባንከርና የፐርዝ ከተማ የፓርላማ እንደራሴ ነበሩ። እናቱ ሜሪ ጄን ኪናርድ ደግሞ የወጣት ሴቶች ክርስቲያናዊ ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ ናቸው፤ የልጁን ጠባይ ለመረዳት ከአባቱ ሀብት ይልቅ የእናቱ እምነት ይረዳናል። ከኢተን ወጥቶ ካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ፤ በ1867 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ በተደረገ የታንኳ ውድድር አሸነፈ፤ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ቤተሰቡ ባንክ ሄደ። ያ ባንክ በ1896 ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ ባርክሌይስ ሲሆን ኪናርድ ከዲሬክተሮቹ አንዱ ነበር።

ብዙ ጸሐፊዎች የሚዘሉት፣ እኔ ግን ከኳሱ እኩል ክብደት የምሰጠው፣ የበጎ አድራጎት ሥራው ነው። የኢተን ጓደኛው ኩዊንቲን ሆግ በቻሪንግ ክሮስ አካባቢ ለድሃ ልጆች ትምህርት ቤት ሲከፍት ኪናርድ አብሮት ነበር፤ ያ ሥራ ሰፍቶ በኋላ የሪጀንት ስትሪት ፖሊቴክኒክ ሆነ። ሆግ ራሱም ኳስ ተጫዋች ነበር፤ ከ1872 በፊት በለንደኑ ኦቫል ሜዳ በተደረጉት፣ ዛሬ በይፋ በማይቆጠሩት የእንግሊዝና የስኮትላንድ ግጥሚያዎች ሁለቱም ለስኮትላንድ ተሰልፈዋል። ስለዚህ ኪናርድ ከሠራተኛው መደብ ልጆች ጋር የተገናኘው ፕሮፌሽናሎች ወደ ለንደን መምጣት ሲጀምሩ አይደለም። ከዚያ አስቀድሞ፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ማታ ማታ ፊደል ሊያስቆጥራቸው ይሄድ ነበር። ይህ እርሱን ከወገኖቹ ለይቶታል ብል አላጋነንሁም።

ስለ ጨዋታው ሲነሣ፣ ቀይ ጢሙ፣ ረጅም ነጭ ሱሪውና ሰማያዊና ነጭ ቆቡ ከሩቅ ያስታውቁት ነበር። ከግብ ጠባቂነት እስከ አጥቂነት ያልተሰለፈበት ቦታ የለም። ለስኮትላንድ በይፋ የተጫወተው አንድ ጊዜ፣ ማርች 8 ቀን 1873 ሲሆን፣ በኦቫል እንግሊዝ 4 ለ 2 አሸንፋለች። አጨዋወቱ ኃይለኛ ነበር። ስለዚህ የሚተረከው ቀልድ የታወቀ ነው፤ ባለቤቱ አንድ ቀን እግሩ ተሰብሮ ይመጣል ብለው ሲሰጉ፣ ወዳጁ «ይዞ የሚመጣው የተሰበረ እግር የራሱ አይሆንም» ሲል አጽናናቸው ይባላል። በ1882 ክለቡ ኦልድ ኢቶኒያንስ (የኢተን የቀድሞ ተማሪዎች ቡድን) ዋንጫውን ሲያነሣ ደግሞ፣ የ35 ዓመቱ የባንክ ባለቤት ኦቫል ላይ በክቡራን መቀመጫ ፊት ለፊት እግሩን ወደ ሰማይ አንሥቶ በጭንቅላቱ ቆመ። ጨዋ የተባለው የቪክቶሪያ ዘመን ሰው ሁሉ ደረቅ አልነበረም ማለት ነው።

መልስ፤ ከ«የኋላ መስመር»

የ«መዝገብ አገላባጭ» ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ስለ ዘጠኙ ፍጻሜ የተጠየቀውን ለብቻው ልመልስ፤ ምክንያቱም ይህ ቁጥር ያለ ማብራሪያ ሲነገር አንባቢን ያሳስታል።

በመጀመሪያው ውድድር፣ በ1871–72፣ የተመዘገቡት ክለቦች 15 ብቻ ነበሩ። በማግስቱ ዓመት ኪናርድ የመጀመሪያውን ፍጻሜውን ለዋንደረርስ ክለብ ተሰልፎ ተጫወተ፤ እዚያ ለመድረስ ግን አንድም ጨዋታ አላስፈለገውም። የውድድሩ ሐሳብ፣ የዋንጫው ባለቤት ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ሌሎቹ ተጫውተው አሸናፊያቸው ይገጥመዋል የሚል ነበር። ዋንደረርስም በቀጥታ ለፍጻሜ ቀረበ፤ ሜዳውን የመምረጥ መብትም ተሰጠው፤ ሊሊ ብሪጅን መረጠ። ጨዋታው ማርች 29 ቀን 1873 ከቀትር በፊት 11:30 ላይ ተጀመረ (በእንግሊዞቹ ሰዓት)፤ እንዲህ ማለዳ የሆነውም ሕዝቡ በዚያው ቀን የሚደረገውን የኦክስፎርድና የካምብሪጅ የጀልባ ውድድር እንዳያመልጠው ነው። ኪናርድ የመጀመሪያዋን ግብ አስቆጠረ፤ ዋንደረርስ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲን 2 ለ 0 አሸነፈ። ከጨዋታው ሁሉ እኔን የሚያስቀኝ፣ ኦክስፎርዶች ግብ ሲቸግራቸው ግብ ጠባቂያቸውንም ወደ ፊት ልከው በሩን ባዶ መተዋቸው ነው። የዋንጫው ባለቤት ተቀምጦ መጠበቁ ከዚያ በኋላ ቀረ።

የቀሩትን ስምንቱን በአጭሩ ልጥቀስ። በ1875 እና በ1876 ለኦልድ ኢቶኒያንስ ተሰልፎ ሁለቱንም በድጋሚ ጨዋታ ተሸነፈ፤ መጀመሪያ በሮያል ኢንጂነርስ፣ ቀጥሎ በራሱ በዋንደረርስ። በ1877 እና በ1878 ወደ ዋንደረርስ ተመልሶ አሸነፈ። በ1879 በኦልድ ኢቶኒያንስ መለያ ክላፓም ሮቨርስን 1 ለ 0 ረታ፤ በ1881 በኦልድ ካርቱዚያንስ 3 ለ 0 ተረታ፤ በ1882 ብላክበርን ሮቨርስን 1 ለ 0 አሸነፈ፤ በ1883 በብላክበርን ኦሊምፒክ ተሸነፈ። አንድ ሰው በሁለት ክለብ መካከል እንዲህ ሲመላለስ ዛሬ ብናይ እንገረማለን። በዚያ ዘመን ግን የዝውውር ሕግ የለም፤ ዋንደረርስ ከየትምህርት ቤቱ የወጡ ሰዎች የተሰባሰቡበት ክለብ ሲሆን፣ ኦልድ ኢቶኒያንስ የኢተን የቀድሞ ተማሪዎች ብቻ የሚሰለፉበት ነበር፤ ኪናርድ የሁለቱም አባል ነው፤ ለውድድሩ ዓመት የፈለገውን ይመርጥ ነበር። የቀድሞ ተማሪዎች ክለቦች እየጠነከሩ በሄዱ መጠን ዋንደረርስ ሰው እያጣ ደከመ። በ1878 ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ አሸንፎ ዋንጫውን ለዘለቄታው መውሰድ ሲችል፣ ማንም ክለብ ከእንግዲህ ጠቅልሎ እንዳይወስደው በሚል ስምምነት ለማኅበሩ መለሰው፤ በቀጣዩ ውድድር ግን ገና በመጀመሪያው ዙር የኪናርድ ኦልድ ኢቶኒያንስ 7 ለ 2 አሸነፈው።

የ1877ቱ ፍጻሜ የተለየ ነገር አለው። ኪናርድ በዚያ ቀን ግብ ጠባቂ ነበር፤ ከኦክስፎርድ የመጣችውን ኳስ ይዞ ወደ ኋላ ሲራመድ የግቡን መስመር አለፈ፤ ግብ ሆነች። ዋንደረርስ በተጨማሪ ሰዓት 2 ለ 1 አሸነፈ። ከጨዋታው በኋላ ኪናርድ ኳሷ መስመር አላለፈችም ብሎ ተከራከረ፤ ማኅበሩም ግቧን ከመዝገብ ሰረዘ፤ ውጤቱም ለአንድ መቶ ዓመት ያህል 2 ለ 0 ተብሎ ሲታተም ኖሮ፣ በ1980ዎቹ የዘመኑ ጋዜጦች ዳግም ሲመረመሩ ግቧ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ልብ በሉ፤ ሰውየው በዚያው ዓመት የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ነው። ስለ አማተሮች (ያለ ክፍያ ስለሚጫወቱ ሰዎች) ንጹሕነት ብዙ ስለሚሰበክ ይህን መጥቀስ ተገቢ መስሎኛል።

ሜዳው ራሱም የተለየ ነበር። በ1870ዎቹ መጀመሪያ የግቡ አግዳሚ እንጨት ሳይሆን በሁለቱ ቋሚዎች መካከል የተወጠረ ጥብጣብ ነበር፤ ግብ በገባ ቁጥር ቡድኖቹ ሜዳ ይለዋወጡ ነበር፤ ቅጣት ምት ቢኖርም ፍጹም ቅጣት ምት እስከ 1891 አይታወቅም። ዳኝነቱ በየቡድኑ በተመረጡ ሁለት አምፓየሮች ሲሆን፣ የመሃል ዳኛው ከሜዳ ውጭ ሆኖ ሲጣሉ ብቻ ይጠየቅ ነበር። ጨዋታው በአብዛኛው ኳስ ይዞ እየገፉ መሄድ፣ ጓደኞቹም ከኋላ ተከትለው የተፋችውን ኳስ መልቀም ነበር። በእንዲህ ያለ ጨዋታ ጉልበትና ድፍረት ያለው ሰው ይነግሣል፤ ኪናርድም ሁለቱ ነበሩት።

ታዲያ ክብረ ወሰኑ ባዶ ነው ማለቴ አይደለም። በ1883 የተመዘገቡት ክለቦች 84 ደርሰው ነበር፤ በ36 ዓመቱ ያን ሁሉ ዙር አልፎ ለፍጻሜ መድረስ ቀላል አይደለም። ከአምስቱ ድል የበለጠ ያገኘው አሽሊ ኮል እንኳ ሰባት ዋንጫ ሲያነሣ የተሰለፈው በስምንት ፍጻሜ ነው። ነገር ግን ዘጠኙን ቁጥር የአንድ ታላቅ ተጫዋች ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አይበቃም። ቁጥሩ በይበልጥ የሚመሰክረው፣ ለዐሥራ አንድ ዓመታት ያለማቋረጥ ለመጫወት የሚያስችል ጤንነት፣ ገንዘብና ትርፍ ጊዜ የነበረው ሰው እንደነበረ ነው።

ተጨማሪ ጥያቄ፤ ከ«ታሪክ ወዳድ»

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የ«የኋላ መስመር» የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ዋናውን ጥያቄዬን እንደገና አስነሣብኝ። ጨዋታው ጤንነት፣ ገንዘብና ትርፍ ጊዜ ላላቸው ሰዎች የተመቸ ከነበረ፣ ትርፍ ጊዜ የሌላቸው ሠራተኞች ሲመጡ በሁለቱ ወገኖች መካከል በሜዳ ላይ ምን ተፈጠረ? ኪናርድ ይህን ለውጥ በኮሚቴ ወንበር ተቀምጦ ብቻ ነው ያየው ወይስ በእግሩም ቀምሶታል?

መልስ፤ ከ«ላንካሻየር»

በእግሩም ቀምሶታል፤ ሁለት ጊዜ።

የመጀመሪያው በ1879 በሩብ ፍጻሜ ኦልድ ኢቶኒያንስ ከዳርዌን ጋር ሲገናኝ ነው። ዳርዌን በላንካሻየር ያለች የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ናት። ጨዋታው በለንደን ነበር። ኢቶኒያንስ 5 ለ 1 ሲመሩ ቆይተው፣ ዳርዌኖች በመጨረሻዎቹ ዐሥራ አምስት ደቂቃዎች አራት ግብ አግብተው 5 ለ 5 አደረጉት። ተጨማሪ ሰዓት እንጫወት ብለው ቢጠይቁ ኢቶኒያንስ እምቢ አሉ። በሕጉ መሠረት እምቢ ማለት ይችላሉ፤ ነገር ግን እምቢታው ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ለለንደን ባላባት ድጋሚ ጨዋታ ማለት ከሰዓት በኋላ በሠረገላ ወደ ሜዳ መሄድ ነው። ለፋብሪካ ሠራተኛ ግን የብዙ ሰዓት የባቡር ጉዞ፣ የትኬት ዋጋና የቀረ የቀን ሥራ ነው። የከተማው ሕዝብ መዋጮ አዋጥቶ እንደገና ላካቸው፤ ሁለተኛው ጨዋታ 2 ለ 2 አለቀ። ሦስተኛ ጊዜ መጡ፤ በሦስተኛው የደከመው ቡድን 6 ለ 2 ተሸነፈ። ኢቶኒያንስ በዚያ ዓመት ዋንጫውን ወሰዱ። «የኋላ መስመር» በአንድ ሐረግ ያለፈው የ1879 ድል እንዲህ የተገኘ ነው።

ከዳርዌን ተጫዋቾች ሁለቱ፣ ፈርገስ ሱተርና ጄምስ ላቭ፣ ከግላስጎው የመጡ ስኮትላንዳውያን ነበሩ። ሱተር በሙያው ድንጋይ ጠራቢ ሲሆን፣ ላንካሻየር ከገባ በኋላ ግን የዚህ አገር ድንጋይ ጠንካራ ነው ብሎ መጥረቡን ተወ ይባላል። ሥራ ሳይኖረው በምን እንደሚኖር ሁሉም ያውቃል፤ ማንም በግልጽ አይናገርም። በ1880 ወደ ብላክበርን ሮቨርስ ሄደ፤ በ1882 ፍጻሜም ኪናርድ በጭንቅላቱ በቆመበት ቀን ከተሸነፉት መካከል ነበር።

ሁለተኛው በማርች 31 ቀን 1883 የሆነው ነው፤ እኔ በእንግሊዝ እግር ኳስ ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ጨዋታ አለ ብዬ አላምንም። ብላክበርን ኦሊምፒክ የሸማኔዎች፣ የፈታዮች፣ የብረት ሠራተኞችና የቧንቧ ሠራተኛ ቡድን ነበር። የአንድ የብረት ማቅለጫ ባለቤት ገንዘብ ረድቷቸው፣ ከጨዋታው በፊት ብላክፑል በተባለችው የባሕር ዳር ከተማ ለጥቂት ቀናት ተቀምጠው ልምምድ አደረጉ። ለአንድ ጨዋታ ብሎ ሥራ ትቶ መለማመድ በለንደን ሰዎች ዘንድ እንደ ነውር ይታይ ነበር፤ ጨዋ ሰው ተለማምዶ አይመጣም፤ ያለውን ይዞ ይመጣል። ኢቶኒያንስ በጉድሃርት ግብ ቀደሙ፤ ማቲውስ አቻ አደረገ። ኢቶኒያኑ አርተር ደን ተጎድቶ ወጣ፤ ተጫዋች መቀየር ስለሌለ በዐሥር ሰው ቀጠሉ። ተጨማሪ ሰዓት ሲገባ የጥጥ ፈታዩ ኮስትሊ የማሸነፊያዋን አገባ፤ 2 ለ 1። ከዚያ ቀን በኋላ የቀድሞ ተማሪዎች ክለብ ለኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ቀርቦ አያውቅም። ለኪናርድም የመጨረሻው ፍጻሜ ሆነ።

የተከተለው ፈጣን ነው። በ1884 መጀመሪያ የለንደኑ ክለብ አፕተን ፓርክ፣ የሰሜኑ ክለብ ፕሬስተን ለተጫዋቾቹ ይከፍላል ብሎ ከሰሰ፤ የፕሬስተኑ ዊልያም ሱዴል አልካደም፤ ክለቡ ከውድድር ተሰናበተ። የሰሜን ክለቦች ተሰብስበው የራሳቸውን ማኅበር እናቋቁማለን ሲሉ አስፈራሩ። የማኅበሩ ዋና ጸሐፊ ቻርልስ አልኮክ፣ እርሱም በሃሮው ትምህርት ቤት የተማረ የዋንደረርስ ሰው፣ መክፈልን ከመከልከል በሕግ መቆጣጠር ይሻላል ሲል ተሟገተ፤ ጁላይ 20 ቀን 1885 ክፍያ ተፈቀደ። ፈቃዱ ግን ገደብ ነበረው፤ ፕሮፌሽናል ተጫዋች ለዋንጫ ጨዋታ እንዲሰለፍ ከክለቡ በስድስት ማይል ውስጥ የተወለደ ወይም ለሁለት ዓመት የኖረ መሆን ነበረበት። በ1888 ዐሥራ ሁለት ክለቦች ሊግ መሠረቱ፤ አንዳቸውም የደቡብ ክለብ አልነበሩም። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሜጀር ማሪንዲን በ1890 ለቀቁ፤ የለቀቁትን ወንበር ኪናርድ ያዘ።

እንግዲህ ለጠያቂው የምለው ይህ ነው። ኪናርድ ክፍያን ወድዶ ተቀበለ ብዬ አልከራከርም፤ የአማተር ጨዋታ ወዳድ ሆኖ ኖሮ በዚሁ ሞቷል። ነገር ግን በሜዳ ላይ ያሸነፉትን ሰዎች ከመድረኩ አላባረረም። ተሸንፎ ሲወጣ ጨዋታው ተበላሽቷል ብሎ ማማረር ለእርሱ ቀላል ነበር፤ ብዙ ጓደኞቹ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

መልስ፤ ከ«መዝገብ አገላባጭ»

የ«ላንካሻየር»ን ሐሳብ በአመዛኙ እደግፋለሁ፤ ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ የፕሬዚዳንቱን ሥልጣን ከልክ በላይ እንዳናገዝፈው። የዕለት ተዕለቱን ሥራ እስከ 1895 አልኮክ፣ ከዚያ ወዲህ ፍሬድሪክ ዎል በዋና ጸሐፊነት ይሠሩት ነበር፤ የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ደግሞ የሼፊልዱ ቻርልስ ክሌግ ነበሩ፤ እርሳቸውም በ1923 ኪናርድን ተክተዋል። ኪናርድ የሰጠው ሌላ ነገር ነው። በ1887 አባቱ ሲሞቱ ማዕረጉን ወረሰ፤ በደቡብ ያሉ አማተሮች ከእኛ ወገን ነው ብለው ያምኑታል፤ በሰሜን ያሉት ደግሞ በኦቫል ከፊታቸው ቆሞ ቅልጥማቸውን ሲረግጥ፣ ሲረገጥም ያላማረረ ሰው መሆኑን አይተዋል። ሁለቱም ወገን የሚያከብረው ሌላ ሰው በዚያ ጊዜ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ይህ በእርግጥ የተፈተነው በ1907 ነው። የአውራጃ ማኅበራት የፕሮፌሽናል ክለቦችንም በአባልነት እንዲቀበሉ ማኅበሩ ባስገደደ ጊዜ፣ የደቡብ አማተሮች ተገንጥለው የራሳቸውን የአማተር እግር ኳስ ማኅበር አቋቋሙ። በትውልድ፣ በትምህርት ቤትና በልማድ የኪናርድ ሰዎች እነርሱ ነበሩ። እርሱ ግን ከአሮጌው ማኅበር ጋር ጸና፤ ተገንጣዮቹም በ1914 ተመለሱ። ጠያቂው «አምኖበት ነው ወይስ ለወንበሩ» ላሉት፣ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ይህ ነው፤ ለወንበር ብቻ የተቀመጠ ሰው በዚያ ዓመት ከጓደኞቹ ጋር ለመሄድ በቂ ምክንያት ነበረው።

ሁለተኛው ስለ ዋንጫው ነው። የመጀመሪያው ዋንጫ በ1895 አስቶን ቪላ አሸንፎ ሳለ ከበርሚንግሃም ሱቅ መስኮት ተሰርቆ አልተገኘም። በምትኩ የተሠራው በ1911 በአዲስ ሲቀየር፣ ማኅበሩ አሮጌውን ለኪናርድ፣ በፕሬዚዳንትነት ለ21 ዓመታት ስላገለገለ፣ በስጦታ ሰጠው። ይህ ዋንጫ በ2020 በጨረታ 760,000 ፓውንድ አውጥቷል። ኪናርድ ተጫውቶ ያነሣው የተሰረቀውን ነበር፤ በእጁ የቀረው ግን በፕሬዚዳንትነቱ ዘመን ከሞላ ጎደል ፕሮፌሽናሎች የተቀባበሉት ዋንጫ ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ከባድ ነበሩ። በ1914 ጦርነት ሲጀመር እግር ኳስ ለምን አልቆመም በሚል ማኅበሩ ላይ ብርቱ ወቀሳ ወረደበት፤ የ1914–15 ውድድር ግን እስከ ፍጻሜው ቀጠለ። ጋዜጦች ወጣቶቹ ኳስ እያዩ ወደ ጦር ሜዳ አይሄዱም እያሉ ማኅበሩን በሚከስሱበት በዚያው ወቅት፣ በኦክቶበር 1914፣ የፕሬዚዳንቱ የበኩር ልጅ ዳግላስ ስኮትስ ጋርድስ በተባለው የጦር ክፍል ውስጥ ሲዋጋ ተገደለ። በኖቬምበር 1917 ሌላው ልጁ አርተር ተከተለው። ኪናርድ ራሱ ጃኑዋሪ 30 ቀን 1923 አረፈ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 28 ቀን በአዲሱ የዌምብሊ ስታዲየም ቦልተን ከዌስት ሃም የመጀመሪያውን ፍጻሜ ሲጫወቱ በይፋ የተቆጠረው ተመልካች 126,047 ነበር፤ እርሱ የመጀመሪያ ዋንጫውን ባነሣበት በሊሊ ብሪጅ የነበረው ሕዝብ ግን ሦስት ሺህ ያህል ነው።